የቡዜ ግራ እግር

ጥር 19 ቀን 2017፣ ሰኞ

በክፍላችን መዝገብ ላይ የበሽተኛ ስም፣ ዕድሜና የቁስል ስፋት የሚሞላበት ዓምድ አለ። የነርስ ንዴት የሚሞላበት ግን የለም። ስለዚህ ይህን ደብተር ፒያሳ ወርጄ ገዛሁ።

ሃያ ሰባት ዓመት ቁስል አጥቤአለሁ። ደሴ ውስጥ በሽተኛውን ወደ እኔ ያልላከ ሰፈር የለም። ዛሬ ዊዳድ የምትባል የዩኒቨርሲቲ መምህርት የበረዶ ሣጥን ተሸክማ ገባች። ሠላሳ የሞላት አይመስለኝም። ሣጥኑ ውስጥ ትንንሽ ጠርሙሶች አሉ፣ ጠርሙሶቹ ውስጥ ደግሞ ባክቴሪያ። በሕይወት ያለ ባክቴሪያ! ከእርጎ ለይታ ያወጣችው፣ አጥርታ ያራባችው ነው አለች። ፕሮባዮቲክ የሚሉት፣ ሆድ ውስጥ ሲገባ የሚጠቅመው ዓይነት። ቁስል ላይ ሲደረግ መድኃኒት የተላመደውን ክፉ ተሕዋስ ቦታና ምግብ ይነጥቀዋል፣ አሲድ እያወጣ ያባርረዋል ትላለች። የሆስፒታላችን የምርምር ኮሚቴ ፈቅዷል። ስድስት በሽተኞች በፈቃዳቸው ይሞከርላቸዋል።

«እሾህን በእሾህ ነው፣ ሲስተር» አለችኝ።

«ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ጀርም ስገድል ኖሬ አሁን ልዝራው?»

አብሮኝ የሚሠራው ነርስ ጣሀ ሳቀ። እሱ አዲስ ነገር ሁሉ ደስ ይለዋል።

አንድ ገጽ መመሪያ ሰጥታን ሄደች። ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት። ወረቀት ቁስል አይቶ አያውቅም።


ጥር 21፣ ረቡዕ

ቡዜ ከኮምቦልቻ መጣች። የክር ፋብሪካ ሠራተኛ ናት፣ አርባ ዓመቷ ነው፣ ስኳር አለባት። ነሐሴ ላይ የክር ጋሪ የግራ ቁርጭምጭሚቷን መታት፤ እስከ ዛሬ አልዳነም። ሦስት ዓይነት አንቲባዮቲክ ጨርሳለች። የላብራቶሪው ውጤት ሲመጣ ተሕዋሱ ሁሉንም መድኃኒት ለምዶታል። ቀዶ ሐኪሙ ዶክተር ይስማው ከቁርጭምጭሚቷ በላይ መቁረጥ ነው ብለዋታል።

ይህች ሴት ግን ሌላ ናት። በፌስታል የግራ እግር ጫማ ይዛ ነው የመጣችው። ጥቁር፣ የተወለወለ።

«ሲስተር፣ ሁለት ወር እንኳ አላደረግሁትም። የግራውን ብቻ የሚገዛኝ ካገኙ ይንገሩኝ» አለችና ብቻዋን ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ዋጥ አድርጋ «እሱን ሳላጠልቅ ወደዚህ ክፍል መምጣቴን አልተውም» አለች።

ፋብሪካው ውስጥ ስምንት ሰዓት ቆሞ መሥራት ነው። እግር ከሌለ እንጀራ የለም። ስመኝ የምትባል ልጇ ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት። ቡዜ ፈርማ ሙከራው ውስጥ ገባች፤ ፌስታሉን ሁለተኛው አልጋ ሥር አስቀመጠች።

«አብሽሪ» አልኳት። የዊዳድን ጠርሙስ አምኜ አይደለም፣ እጄን አምኜ ነው።


ጥር 26፣ ሰኞ

ጀመርን። አምስቱን ጣሀ ያዘ። ስድስተኛዋን፣ ከባዷን፣ እኔ ያዝኩ። የጣሀ እጅ ገና ነው።

መመሪያው «በጨው ውኃ ብቻ ማጠብ» ይላል። መሬት ሳይመነጠር ዘር እንደማይዘራ ገበሬው ሁሉ ያውቃል። በአዮዲን ጥግ ጥጉን አጠብኩት። ጠርጌ ካደረቅሁት ምን ያደርጋል? ከዚያ የልጅቷን ፈሳሽ አፈሰስኩ፣ በጎዝ ሸፈንኩ፣ በፋሻ አሰርኩ። ባላምንበትም ሥራዬን አሳንሼ አልሠራም።


ጥር 29፣ ሐሙስ

ሠላሳ አንድ በሽተኛ። ውኃ በጀሪካን። ጎዝ አለቀ፣ ለምኜ አመጣሁ። ቡዜ ከኮምቦልቻ እየተመላለሰች እስካሁን ሁለት ጊዜ ታጥባለች። ሽታው እንዳለ ነው። ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ።


የካቲት 5፣ ረቡዕ

የጣሀ በሽተኞች ቁስል ቀይ ሥጋ እያበጀ ነው። የአንዱ ሽማግሌ ሽታ ጨርሶ ጠፍቷል። ዊዳድ ፎቶ ታነሳለች፣ ጣሀ ይንጎራደዳል። ቀላል ቁስል ያዘና!

ኮሪደር ላይ ዶክተር ይስማው ለአንድ ሐኪም ስለ ቡዜ ሲያወሩ ሰማኋቸው። «የሲስተር ሱዓድ እጅ ያላዳነውን እርጎ አያድነውም» አሉ። ያልሰማሁ መስዬ አለፍኩ። ደስ አላለኝም ብል ውሸት ነው።


የካቲት 11፣ ማክሰኞ

የቡዜ ቁስል በሁለት ጣት ሰፋ። ዳሩ ጠቁሯል። ሚኒባስ ውስጥ የሐረጎን ዳገት ስንወጣ ሰዉ በብርዱ መስኮት ይከፍታል አለችኝ። «አየር የሚወዱ ሰዎች በዝተዋል» ብላ ቀለደች፣ እኔ ግን ቀና ብዬ አላየኋትም።

ዊዳድን ጠርቼ ነገርኳት። ሰው ላይ አይጫወቱም፣ እርጎሽን ይዘሽ ሂጂ አልኳት። ልጅቷ ደነገጠች እንጂ አልተቆጣችም። «አምስቱ ላይ የሠራው ስድስተኛዋ ላይ ለምን እምቢ አለ?» እያለች ለራሷ ታወራለች። እሷ ምን አለባት፣ ሽታውን የምትሸተው እኔ ነኝ።

ዛሬ ይበልጥ አጠብኩት። አዮዲኑን አልቆጠብኩም። ከዚህ በላይ አንድ ሰው ምን ያደርጋል?


የካቲት 18፣ ማክሰኞ

ትናንት ዐቢይ ጾም ገባ። ቡዜ እግሯን ሰብስባ «ሲስተር፣ ይሄ ነገር ከእርጎ ነው የወጣው ይላሉ። ጾም ነው እኮ!» አለችኝ።

«እግርሽ አይበላም፣ ዘርጊው።»

«ሊያስገድፉኝ ነው ዘንድሮ» ብላ ዘረጋችው። ሳቅን። የዚህ ወር የመጀመሪያ ሳቄ ነው።

ዊዳድ ከቡዜ ቁስል የወሰደችውን ናሙና ውጤት ይዛ መጣች። ክፉው ተሕዋስ ሞልቷል። የእሷ ባክቴሪያ ግን አንድም የለም። «የሞተም አይደለም ሲስተር፣ ጭራሽ ያልተዘራ ነው የሚመስለው። በምንድን ነው የሚያጥቧት?»

«እንደ ሰው ነው የማጥባት» አልኳት። ሌላ በሽተኛ ጠራሁ። ክፍሉ ሞልቶ ነበር፣ ቆሜ የማወራበት ጊዜ አልነበረኝም።


የካቲት 22፣ ቅዳሜ

ረመዳን አንድ። ዶክተር ይስማው ለእግሯ ቀን ቆረጡ፣ መጋቢት 4 ሐሙስ። ለቡዜ እኔው ነገርኳት። ፌስታሉን አየች፣ እኔን አየች። እሷ ካልቀለደች ክፍሉ ይጨንቃል።


የካቲት 30፣ እሑድ

ትናንት ቢስቲማ እናቴ ዘንድ ሄጄ አፈጠርኩ። የሆነውን በደንብ መጻፍ አለብኝ፤ ዘልዬ ላልፈው የፈለግሁት ነገር ስለሆነ።

መግሪብ ደረሰ፣ ተምር ቀመስን። እናቴ ለእኔ ብላ ያረጋችውን እርጎ ልታመጣ ሄደችና ቅሉን እንደያዘች ተመለሰች። ወተቱ አልረጋም። ቢጫ ውኃ አናቱ ላይ፣ እንክትክቱ ከታች፣ ሽታው ሌላ። የወንድሜ ልጅ ፋኢዛ አቀረቀረች።

«ምን አደረግሽው ይሄን ቅል?» አለቻት እናቴ።

«አጠብኩት እማ። ንጹሕ ይሁን ብዬ።»

«በምን?»

«በበረኪና።»

«በበረኪና! የሃያ ዓመት ቅል!» እናቴ ጉንጯን ያዘች።

«አለቅልቄዋለሁ እኮ፣ ወላሂ ሦስት ጊዜ ነው ያለቀለቅሁት» አለች ፋኢዛ፣ እንባዋ መጣ።

«ብታለቀልቂውስ? ቅል እኮ ይጠጣል፣ የኔ ልጅ። ከላይ ታጥቢዋለሽ፣ እሱ ውስጡ ይይዘዋል። እርሾውን ገድለሽ ስታበቂ ምን እንዲያረጋልሽ ነው?»

እኔ እዚያ ተቀምጬ ነበር። ሾርባው ማንኪያዬ ላይ ቀዘቀዘ። ቅል ይጠጣል። ሥጋስ አይጠጣም? ጠርጌ አደርቀዋለሁ ስል የነበረው አዮዲን ሥጋዋ ውስጥ ተቀምጦ፣ የልጅቷን ባክቴሪያ ገና ሲፈስስ ሲፈጀው ከርሟል። አንዲት ቀን አይደለም፣ አምስት ሳምንት። ጣሀ እንደ መመሪያው ስለሠራ አምስቱ ዳኑ። ስድስተኛዋ የኔ እጅ ላይ ወደቀች።

ዊዳድ ስትጠይቀኝ ሌላ በሽተኛ የጠራሁት ሥራ በዝቶብኝ ነው ብዬ እዚሁ ደብተር ላይ ጽፌአለሁ። ያን ዕለት ክፍሉ ውስጥ አራት ሰው ብቻ ነበር።

እናቴ ፋኢዛን አቅፋ «አብሽሪ፣ ቅሉን በወይራ አጥነን፣ ሌላ እርሾ ተበድረን እንሞክረዋለን» አለቻት። ቅል ደግሞ ይሞከራል። ቡዜ የቀራት አራት ቀን ነው።


መጋቢት 1፣ ሰኞ

ዶክተር ይስማው ቢሮ ገባሁ። ዊዳድንም ጠራኋት። ቆሜ ተናገርኩ፣ ቁጭ በይ ቢሉኝም እምቢ አልኩ።

የዊዳድ ድምፅ ተሰበረ። «አምስት ሳምንት ሙሉ ሲገድሉብኝ ከረሙ? ጠይቄዎት ነበር እኮ!»

«ጠይቀሽኛል። ዋሽቻለሁ።»

ዶክተር ይስማው መነጽራቸውን አወለቁ። «ሲስተር፣ ይህን ለምን ነገሩኝ? ማንም አያውቅም ነበር። ሐሙስ ቆርጠን እንጨርስ ነበር።»

«ለዚያ ነው የነገርኩዎት። ያልተሞከረ ነገር ከሸፈ አይባልም። ያቺ ሴት ለሙከራው ፈርማለች፣ እኔ ሙከራውን ነፍጌአታለሁ። ሁለት ሳምንት ይስጡኝ።»

«ተሕዋሱ ደም ውስጥ ቢገባ ማን ነው ተጠያቂው?»

«ትኩሳት ካየሁ በዚያው ሰዓት በራሴ እጅ አመጣታለሁ። ካልሆነ ግን ሐሙስ ያቺን እግር ለመቁረጥ መጀመሪያ እኔን ከበሩ ላይ ያንሡኝ።»

ይህን አልኩ። በሃያ ሰባት ዓመት ለሐኪም እንዲህ ብዬ አላውቅም። እስከ መጋቢት 15 ሰጡኝ፤ በየቀኑ ሙቀቷ ተለክቶ፣ ደሟ ተመርምሮ። ስወጣ «ለኮሚቴው በጽሑፍ ያመልክቱ» አሉኝ። ማስጠንቀቂያ ይደርሰኛል ማለት ነው። ይድረሰኝ።


መጋቢት 2፣ ማክሰኞ

ለቡዜ ነገርኳት። ዊዳድ አብሬሽ ልሁን አለችኝ፣ አልፈቀድኩም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እያልኩ ለስንቱ በሽተኛ ተርቻለሁ። የኔን በሽታ ብቻዬን ልናገር አልኩ።

ቡዜ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። እርስዎ ትለኝ የነበረችው ሴት «አምስት ሳምንት እግሬን አቃጥለሽ ነው አብሽሪ ስትይኝ የከረምሽው?» አለችኝ።

ከዚያ አጎንብሳ ከአልጋው ሥር ፌስታሉን አነሣች። ከጥር ጀምሮ በመጣች ቁጥር እዚያ የምታኖረውን፣ ቁስሏ ሳይታጠብ ብብቷ ሥር ከትታው ሄደች።


መጋቢት 3፣ ረቡዕ

አልመጣችም። ሐረጎ ላይ ጭጋግ ነበር ይላሉ። የመኪና ችግር ይሆናል።

ጭጋግ አይደለም።


መጋቢት 4፣ ሐሙስ

ሊቆርጧት የነበረበት ቀን። ዊዳድ የበረዶ ሣጥኑን ሰጠችኝ፣ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ደሴ ላይ ሹራብ ደርቤ፣ ታች ስደርስ ላብ። የፋብሪካው በር ላይ ያለው ዘበኛ ቤቷን አሳየኝ፤ ከቦርከና ወንዝ ማዶ፣ አንድ ክፍል። በሩን የከፈተችልኝ ስመኝ ናት። እንደ እናቷ ቅንድቧን ሰብስባ አየችኝ።

ቡዜ ተጋድማለች። ፌስታሉ ራስጌዋ ነው።

«ምን ቀረሽ?» አለችኝ።

«ከሐኪሙ ሁለት ሳምንት ተቀብዬልሻለሁ።»

«እግሬን አሁንም አንቺው ነሽ የምታጥቢው?»

«ካልፈለግሽ ጣሀ ይምጣ። እሱ እንደ መመሪያው ነው የሚሠራው፣ አምስቱም ድነውለታል። እኔን መጥላት ትችያለሽ፣ ፈሳሹን ግን አትጥዪው። ገና አልቀመስሽውም።»

ቡዜ በክንዷ ተደግፋ ቀና አለችና «ቦርሳሽን ዘርግፊው» አለችኝ።

ዘረገፍኩት። የጨው ውኃ፣ ጎዝ፣ ፋሻ፣ ጓንት፣ ቴርሞሜትር፣ መስገጃ፣ ተምር። ቡዜ እያንዳንዱን አገላብጣ አየች። ቡናማው የአዮዲን ጠርሙስ እንደሌለ ካረጋገጠች በኋላ እግሯን ዘረጋች። ሙቀቷን ለካሁ፣ ትኩሳት የለም። አልሐምዱሊላህ።

በጨው ውኃ አለስልሼ አጠብኩት። መሐል ላይ ቀኝ እጄ ብድግ ብሎ ወደ ጎን ሄደ። ምንም አላሰብኩም፣ እጄ ነው የሄደው፣ አዮዲኑ ሁልጊዜ ወደሚቀመጥበት አቅጣጫ። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ።

«እዚያ የለም» አለችኝ ቡዜ።

አፈርኩ። እጄን መለስኩ። የዊዳድን ፈሳሽ አፈሰስኩ፣ ሸፈንኩ፣ አሰርኩ። ይቅርታ ጠየቅኋት።

«ይቅርታሽን አሁን አልወስድም» አለች። «እግሬ ጫማ ውስጥ ሲገባ እናያለን።»

ስመለስ ሚኒባሱ ሐረጎ ላይ እያለ መግሪብ ደረሰ። ተምሬን ቡዜ ቤት ረስቼው ኖሯል። ከጎኔ የተቀመጡ አባት ከራሳቸው ተምር አካፈሉኝ።


መጋቢት 6፣ ቅዳሜ

ቡዜ መጣች። አይ፣ ወደ እኔ አይደለም፤ «ወደ ክፍሉ ነው የመጣሁት» አለች። ትምጣ ብቻ። አዮዲኑን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፌ ቁልፉን ለጣሀ ሰጥቼዋለሁ። ለሌላ በሽተኛ ሲያስፈልገኝ እለምነዋለሁ፤ እሱም ያስለምነኛል።


መጋቢት 11፣ ሐሙስ

ሽታው ቀንሷል። ለማንም አልተናገርኩም። አፍንጫዬ እየዋሸኝ ይሆናል ብዬ ጣሀን ጠራሁት። አሸተተ። «ሲስተር፣ እርጎ እርጎ ነው የሚለው» አለ። ቡዜ «ጾሜን ገደፍኩ በሉኛ» አለች። ወደ ጣሀ ዞራ ነው ያለችው እንጂ ወደ እኔ አይደለም። ቢሆንም ሰማሁት።


መጋቢት 15፣ ሰኞ

ዶክተር ይስማው መጡ። ጎዙን ራሳቸው አነሡ። ጥቁሩ ዳር ለቅቋል፣ ከሥር ቀይ ሥጋ። በመብራት አዩት፣ ጠጋ ብለው አሸተቱ፣ የላብራቶሪውን ወረቀት አነበቡ። የዊዳድ ባክቴሪያ አለ፤ ክፉው ተሕዋስ አልጠፋም፣ ግን ሳስቷል።

«ሌላ ሦስት ሳምንት» አሉና ሄዱ። ኮሪደሩ ላይ እርጎ ያድናል አያድንም ሲሉ ለመስማት ጆሮዬን ጣልኩ። ምንም አላሉም።

ማስጠንቀቂያው ዛሬ ደረሰኝ። ፈርሜ ተቀበልኩ። በየስብሰባው «ሞዴል ነርስ» የምባለው ከእንግዲህ ይቀራል። ግድግዳው ላይ የነበረውን የምስጋና ወረቀቴን አውርጄ የዊዳድን መመሪያ ካለበት አንሥቼ በቦታው ለጠፍኩ። ማየት የፈለገ ይየው።


መጋቢት 21፣ እሑድ

ዒድ። ቢስቲማ ነኝ። እናቴ እርጎ አቀረበች፣ እንደ ድሮው ወፍራም። ቅሉ ይቅር ብሎናል አለች ፋኢዛ። ሁላቸውም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፣ ከዚያ ዓይኔ ውስጥ ጭስ ገባ።


ሚያዝያ 14፣ ማክሰኞ

ፋሲካ አልፎ ትናንት ወደ ሥራ ተመለስን። ዛሬ ጠዋት ዊዳድ ለኮሚቴው የምታቀርበውን ሪፖርት አሳየችኝ። ስለ ስድስተኛዋ በሽተኛ «በአሠራር መዛባት ምክንያት ለአምስት ሳምንት ዘግይቷል» ይላል። ስሜን ልትሸፍንልኝ ነው። ይህች ልጅ! እርጎሽን ይዘሽ ሂጂ ያልኳት ልጅ።

እስክሪብቶዬን አወጣሁ። «የአሠራር መዛባት» የሚለውን ሰርዤ «ሲስተር ሱዓድ መመሪያውን ጥሳ በአዮዲን ስላጠበች» ብዬ ጻፍኩ።

«ሲስተር፣ ይህን ሰው ሁሉ ያነበዋል» አለችኝ።

«ይነበብ። አለባብሰው ቢያርሱ ባረም ይመለሱ። ነገ ሌላ ሆስፒታል ሌላዋ ሱዓድ ወረቀት ቁስል አይቶ አያውቅም ብላ ጠርሙሷን ታነሣለች። የኔን አንብባ ታስቀምጠው።»

ቡዜ አራት ሰዓት ላይ መጣች። ቁስሉ ገጥሟል፣ ስስ ሮዝ ቆዳ። ጠባሳው የሚያምር አይደለም፣ ስኳሯም አለ፤ መጠንቀቅ አለባት። እግሩ ግን እግር ነው። ቀጭን ጎዝ አደረግሁላት፣ ምክሬን ሰጠሁ፣ ቀጠሮ ጻፍኩ። የተቃጠለ ልጅ ይዘው ገቡና ወደዚያ ሮጥኩ። ዞር ስል አልጋው ባዶ ነው።

ደህና ዋይ እንኳ ሳትል! ተቀየምኩ፣ አልደብቅም። ምን ብዬ ነው የምቀየመው? ግን ተቀየምኩ።

ሥራ ስንጨርስ ክፍሉን ልንጠርግ አልጋዎቹን ገፋን። ሁለተኛው አልጋ ሥር ፌስታሉ ተቀምጧል። ጫማዋን ረስታው ሄደች ብዬ በድንጋጤ አነሣሁት። ከፈትኩት። ውስጡ ጥቁሩ ጫማ የለም። ስምንት ወር ሙሉ ፋሻዋን እያጨናነቀች የምታደርገው፣ ተረከዙ ያለቀ የግራ እግር ነጠላ ጫማ ነው ያለው። ከሥሩ ኮምቦልቻ የረሳሁት ተምር፣ ከነወረቀቱ።

ጣሀ «እንጣለው?» አለኝ።

«አይጣልም» አልኩት። ተምሯን በላሁና ፌስታሉን ይዤ ወደ ቤት ሄድኩ።